ነፋሱን የሚያውቀው ትንበያ የባሕሩን ዝቅተኛ ደመና ለምን ይስታል?

ባሕረኛው ከሱሉልታ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ያደግኩት ሱሉልታ፣ ከጎጃም መንገድ ገባ ብሎ ሜዳው ዳር ነው። የንግድ መርከብ ላይ የኤሌክትሪክና የመሣሪያ ባለሙያ ነኝ፤ አሁን ለእረፍት መጥቼ እናቴ ቤት ነው ያለሁት። ጥያቄዬ ስለ ባሕር ቢሆንም መድረሻው እዚሁ ግቢያችን ስለሆነ በትዕግሥት አንብቡልኝ።

ባለፈው ነሐሴ ከኬፕታውን ተነሥተን፣ ናሚቢያንና አንጎላን በቀኝ እየተውን፣ ጋና ቴማ ወደብ እስክንደርስ 9 ቀን ፈጀብን። ራዳሩንና የነፋስ መለኪያውን የምጠግነው እኔ ስለሆንኩ መርከቧ ከምትመራበት ክፍል አልጠፋም። ተረኛው መኮንን በየቀኑ የሚወርድለትን የአየር ትንበያ ያሳየኝ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰማይ ማየት እወዳለሁና አንድ ደብተር ከፈትኩ። ጠዋት 3 ሰዓትና ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ሰማዩን ለስምንት ከፍዬ ስንቱ እጅ በደመና እንደተሸፈነ እጽፋለሁ፤ ከጎኑ ደግሞ ትንበያው ከአንድ ቀን በፊት ምን ብሎ እንደነበር አሰፍራለሁ።

በነፋሱ በኩል ትንበያውን የምወቅስበት ነገር የለኝም። ከሩቅ ደቡብ እየተንከባለለ የሚመጣው ረጅሙ ሞገድ እንኳ አራት ቀን ቀድሞ በተነገረለት ዕለት፣ በተነገረለት ከፍታ መጣ። በደመናው ግን እንዲህ አልሆነም። የመጀመሪያዎቹን አምስት ቀናት ከአድማስ እስከ አድማስ በተዘረጋ ግራጫ ጣሪያ ሥር ነው የተጓዝነው። ፀሐይ የለም፣ ዝናብም የለም፤ አንዳንድ ማለዳ የመርከቧን ብረት የምታረጥብ ካፊያ ብቻ። ደብተሬ ላይ ስምንት ከስምንት ተጽፏል። ትንበያው ሦስት ይላል፣ አራት ይላል። ቴማ ስንደርስ ስቆጥረው ከ18ቱ መስመሮች በ11ዱ ልዩነቱ ሦስት ስምንተኛና ከዚያ በላይ ሆኖ አገኘሁት።

ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚመጣ ሞገድን ቀድሞ የሚያውቅ ስሌት፣ አናታችን ላይ ቀኑን ሙሉ የተዘረጋን ደመና እንዴት ያጣዋል? ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

የእናቴ ነገር ደግሞ ይኸው። እኛ ጋ ጥቅምት ላይ ሣር ይታጨዳል። የታጨደው ሳይደርቅ ጉም እየተኛበት ሦስት አራት ቀን ከቆየ ይሻግታል፣ ከብትም አይበላውም። ከዚያ ውርጭ ይከተላል። ያለፈው ኅዳር አንድ ምሽት ስልኬ «ሌሊቱ ደመናማ ነው» ስላለኝ ለእናቴ «ድንቹን መሸፈን አያስፈልግም» አልኳት፤ በስልክ፣ ከመርከብ ላይ ሆኜ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠራ። ጠዋት የድንቹ ቅጠል ጠቁሮ ነበር። እናቴ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ከዚያ ወዲህ ነው ይህን ጥያቄ ከልቤ የያዝኩት። የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።


የደመና ተማሪ፦

ወንድሜ ሰላም። የምማረው ይህንኑ ስለሆነ ደብተርህን እንዳነበብኩ ልመልስልህ ተቀመጥኩ። እርዝመቱን ይቅር በለኝ።

እናትህ ከሚያውቁት እንነሣ። ጥርት ባለ ሌሊት የሱሉልታ ሜዳ የሚቀዘቅዘው መሬቱ ሙቀቱን በጨረር ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ነው። ደመና ካደረ ደመናው መልሶ ወደ መሬት ይልክለታል፣ ውርጭም አይወርድም። አሁን ደግሞ በደመናው ቦታ ሆነህ ወደ ላይ ተመልከት። ከአናቱ በላይ ያለው ደረቅና ጥርት ያለ ሰማይ ነው። ስለዚህ የደመናው አናት ልክ እንደ እናንተ ማሳ ሙቀቱን ይለቃል፣ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘው አየር ከብዶ ይሰምጣል፤ በእሱ ፈንታ ከባሕሩ ወለል እርጥብ አየር ወደ ላይ ይወጣል። የእናትህን ድንች ያቃጠለው መቀዝቀዝና ያንን ግራጫ ጣሪያ የሚያኖረው መቀዝቀዝ አንድ ነው። ደመናው ስትራቶኩሙለስ ይባላል። ባመቱ አማካይ ከዓለም ውቅያኖሶች አንድ አምስተኛ ያህሉን የሚሸፍን የደመና ዓይነት ነው፤ ከናሚቢያና ከአንጎላ ፊት ለፊት፣ ከፔሩና ከቺሊ፣ ከካሊፎርኒያ ዳርቻ በብዛት ይገኛል።

ለምን እዚያ? ከታች ቤንጉዌላ የሚባለው የባሕር ጅረት ቀዝቃዛ ውሃ አለ። ከላይ ደግሞ ደቡብ አትላንቲክ ላይ ባለው በቅድስት ሄሌና ከፍተኛ ግፊት ውስጥ ቁልቁል የሚወርድ አየር አለ፤ ሲወርድ እየተጨመቀ ይሞቃል፣ ይደርቃል። ሁለቱ ከባሕር ወለል 1 ወይም 1.5 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይገናኛሉ። ድሬዳዋ ከተማ ያለችበት ከፍታ በል። እዚያ መገናኛው ላይ፣ በጥቂት አሥር ሜትሮች ውስጥ፣ ወደ ላይ ስትወጣ ሙቀቱ እስከ 10 ዲግሪ ሊዘል ይችላል። ምጣድ ላይ እንደተከደነ አከንባሎ ነው፤ እርጥበቱ ከሥሩ ታፍኖ ይቀራል።

ትንበያውን የሚያሰላው የኮምፒውተር ሞዴል የሚቸገረው ይህን ክዳን ሲያሰላ ነው። የደመናው ውፍረት 200 ወይም 400 ሜትር ነው። ሬዲንግ የሚገኘው የአውሮፓ የትንበያ ማዕከል ሞዴል፣ ከዓለም ምርጦች አንዱ፣ ምድርን በ9 ኪሎ ሜትር ፍርግርግ፣ አየሩን ደግሞ ወደ ላይ በ137 ንብርብር ይከፍላል። ብዙ ይመስላል። ነገር ግን ንብርብሮቹ እስከ 80 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚዘረጉ ስለሆኑ ደመናው ያለበት ቦታ ላይ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል 100 ሜትር ገደማ አለ። ጣሪያህ ያረፈው ከሁለት እስከ አራት ንብርብር ላይ ነው ማለት ነው። ክዳኑ ከአንድ ንብርብር ይቀጥናል።

አንድ ሒሳብ ላሳይህ። የዚህ ደመና ውሃ ከውፍረቱ ካሬ ጋር ነው የሚሄደው። ሞዴሉ ክዳኑን በአንድ ንብርብር ዝቅ አድርጎ ቢያስቀምጠውና 300 ሜትር የነበረው ደመና 200 ቢሆን፣ ውሃው ከግማሽ በታች ይወርዳል። መጀመሪያውንም ውሃው ብዙ አይደለም። ያ አምስት ቀን ያየኸው ደመና በሙሉ ተጨምቆ ቢወርድ መሬት ላይ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚሆነው።

በዚያ ላይ ክዳኑ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ደመናው ሲታመስ ከላይ ያለውን ደረቅ አየር እየቦጨቀ ወደ ውስጥ ያስገባል። ትንሽ ቢያስገባ ደመናው ይኖራል፤ ትንሽ ቢበዛ ይበላዋል። ይህን መቦጨቅ በትክክል ለማየት አጥኚዎች በትንሽ የባሕር ክፍል ላይ ብቻ እስከ 5 ሜትር በሚጠብ ንብርብር ያሰላሉ። ዓለምን በሙሉ በዚያ ልክ ማስላት በየቀኑ ትንበያ የሚቻል አይደለም፤ ስለዚህ ሞዴሉ የማያየውን በቀመር ይገምተዋል። ነፋሱና ሞገዱ የሚታዘዙት ግን በሺህ ኪሎ ሜትር ለተዘረጋ የግፊት ሥርዓት ነው፤ 9 ኪሎ ሜትር ፍርግርግ ያንን አሳምሮ ያየዋል። የደብተርህ ሁለት ዓምዶች የተለያዩት ለዚህ ነው።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ጣሪያው መቀደድ በጀመረበት ቀን ከሥሩ ምን አየህ? ግራጫው እንዳለ ሆኖ፣ ከእሱ በታች አበባ ጎመን የመሰሉ ትንንሽ ክምሮች አልነበሩም?


የአቃቂ ልጅ፦

ይህን ሁሉ ሰው ሰራሽ አስተውሎት አልፈታውም እንዴ? ከአሮጌዎቹ ሞዴሎች በልጧል ሲባል ሰምቻለሁ።


የደመና ተማሪ፦

በግፊት፣ በነፋስና በሙቀት በኩል ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ እውነት ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ብዙ የተወራለት ግራፍካስት የሚባለው የሰው ሰራሽ አስተውሎት ሞዴል ከሚተነብያቸው ነገሮች ዝርዝር ውስጥ ደመና የለም። ሙቀት፣ ነፋስ፣ እርጥበት፣ ግፊት፣ ዝናብ ይሰጥሃል፤ የደመና ሽፋን አይሰጥህም። የተማረውም ያለፈውን አየር በሞዴልና በምልከታ መልሶ ከሚሠራ መዝገብ ነው። መዝገቡ ክዳኑን በደንብ ካላየው ተማሪው ከየት ያመጣዋል?


የሰንዳፋ ዝናብ ለኪ፦

ልጆቼ፣ እንደምን ናችሁ። በሰንዳፋ በኩል የዝናብ መለኪያ ስጠብቅ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ዘወትር ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ብርጭቆዬን ይዤ እወጣለሁ። አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር የሚለውን ሳነብ ደነገጥኩ፤ እኔ የማነባት የመጨረሻዋ ትንሽ ጭረት እሷ ናት። ያን ያህል ባሕር የሚጋርድ ደመና በእኔ ብርጭቆ አንዲት ጭረት ብቻ ከሆነ፣ ማሽኑ ቢስተው አልፈርድበትም።

ሁለት ነገር ልበል። ባሕረኛው ልጄ፣ ለድንቹ የስልክ ትንበያ አትጠብቅ። ማምሻውን ነፋሱ ከቆመ፣ ሰማዩ ወደ ምሥራቅ ከጠራ፣ ጤዛውም ገና በሁለት ሰዓት ሣሩ ላይ ከተያዘ አልብሰው። ደመና ቢመጣ የምታጣው ድካምህን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ነው። በሚቲዎሮሎጂ ስለ ክረምቱ ሲነገር የቅድስት ሄሌና ከፍተኛ ግፊትና የማስካሬን ከፍተኛ ግፊት ሲጠሩ ሰምቻለሁ። ልጄ የጠቀስሽው ሄሌና ያው ነው? ያ ደመና ከኛ ዝናብ ጋር ጉዳይ አለው?


የደመና ተማሪ፦

አባባ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። አዎ፣ ያው ነው። የክረምቱን ነፋስና እርጥበት ከሚያንቀሳቅሱት ሥርዓቶች አንዱ ነው፤ ደመናው የሚተኛው በእሱ ምሥራቃዊ ጎን ነው።

ጉዳይ አለው ወይ ላሉት፣ በቀጥታ ያ ደመና መጥቶ እኛ ጋ አይዘንብም። ግን ባሕሩን ጥላ ሆኖ ያቀዘቅዘዋል። ጠቆር ያለው የባሕር ውሃ ከሚያርፍበት የፀሐይ ብርሃን የሚመልሰው ከመቶ 6 ወይም 7 ገደማ ነው፤ ይህ ደመና ግን ከመቶ 40 እስከ 60 ሊመልስ ይችላል። ሞዴሉ ደመናውን ካሳነሰ ባሕሩ ያልተገባ ፀሐይ ይገባበታል፣ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ክዳኑ ይላላል፣ ደመናው ደግሞ የበለጠ ይሳሳል። ባሕርንና አየርን አብረው የሚያሰሉ ብዙ ሞዴሎች የአንጎላንና የናሚቢያን ባሕር ከእውነቱ አሙቀው ያሳያሉ። ደመናው ብቻ አይደለም ምክንያቱ፤ የዳርቻው ነፋስና ከጥልቅ የሚወጣው ቀዝቃዛ ውሃም አለበት። እነዚሁ ሞዴሎች በአትላንቲክ ላይ የዝናቡን ቀበቶ ወደ ደቡብ ይስቡታል። ወራትን አስቀድሞ ለሚተነብይ ሰው ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም፤ እኔ በበኩሌ ይህን ትምህርት የመረጥኩት ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ለብዙ ዓመት ተደብቆ የኖረ። ሞዴሎቹ ዝቅተኛ ደመናን በሽፋን አሳንሰው በብሩህነት አብዝተው ይሠሩ ነበር። ወደ ጠፈር የሚመለሰው ብርሃን በአማካይ ሲለካ ልክ ይመስላል፤ ሁለቱ ስሕተቶች እርስ በርስ እየተሸፋፈኑ ነበርና። እንደ ባሕረኛው ሰማዩን ለስምንት ከፍሎ የሚቆጥር ሰው ግን ወዲያው ይይዘዋል። ስለ ዓለም ሙቀት የሚደረገው ክርክርም ከዚህ ጋር የተሳሰረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጥፍ ቢሆን ምድር ከ1.5 እስከ 4.5 ዲግሪ ትሞቃለች ተብሎ ተገመተ። በ2021 የወጣው የዓለም የአየር ንብረት ሪፖርት ከ2.5 እስከ 4 አድርጎ አጠበበው። ክፍተቱ ይህን ያህል ዘመን ሰፊ ሆኖ የቆየበት ትልቁ ምክንያት ዝቅተኛ ደመና ነው።


ባሕረኛው ከሱሉልታ፦

አባባ፣ ምክርዎን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «እኔም ይህንኑ ነው የማየው» አለች። ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ ስልኬ አይቀድማትም።

እህቴ፣ ጥያቄሽን ካየሁ በኋላ ደብተሩን ከሻንጣዬ አውጥቼ አየሁ። ስድስተኛው ቀን፣ ከሰዓት 10 ሰዓት። የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ «ጣሪያው አለ፣ ስምንት ከስምንት። ከሥሩ ግን ጠፍጣፋ መቀመጫ ያላቸው ትንንሽ ክምሮች፣ አንዳንዶቹ አናታቸው ጣሪያውን ይነካል።» እንዳልሽው ነው! ትንበያው ለዚያች ሰዓት ሁለት ስምንተኛ ብሎ ነበር። ጣሪያው በእውነት የተቀደደው ሰባተኛው ቀን ማምሻውን ነው። ትንበያው አንድ ቀን ቀድሞ ቀደደው ማለት ነው። ክምሮቹ ምን ነበሩ?

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሥራዬ ስለሆነ። እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ መርከቦች የሚያነዱት ነዳጅ የድኝ መጠን ከመቶ 3.5 ወደ 0.5 ወርዷል። ጭሳችን በዚህ ደመና ላይ መስመር ይጥላል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?


የደመና ተማሪ፦

ደብተርህን አቅፈህ ያዘው፤ ስድስተኛው ቀን ከሁሉም መስመሮችህ ይበልጣል።

ወደ ሰሜን ስትጓዙ ከሥራችሁ ያለው ውሃ እየሞቀ ነበር። ክዳኑ ከፍ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ከላይ የሚመጣው መታመስ እስከ ባሕሩ ወለል አይደርስም። ጣሪያው ከምግቡ ይለያል። ከባሕሩ የሚወጣው እርጥበት በየቦታው ብቻ፣ በትንንሽ ክምር እየተሸከመ ይደርሰዋል። እነዚያ ክምሮች ጣሪያውን ለጊዜው ይመግቡታል፤ ሲጠነክሩ ግን ደረቅ አየር እያስገቡ ያፈርሱታል። መርከበኞች የደመና ሪፖርት ሲልኩ ለዝቅተኛ ደመና ከሚጽፉት ቁጥር 5 ማለት የመጀመሪያው ያየኸው ጣሪያ ነው፤ 8 ማለት ደግሞ ጣሪያና ክምር በተለያየ ከፍታ አብረው ሲታዩ ነው። ስድስተኛው ቀንህ 8 ነው። ብዙ ሞዴሎች እዚህ ነጥብ ላይ «ጣሪያ ነው ወይስ ክምር?» የሚል ውሳኔ ይሰጣሉ። አንዳንዶቹን ለመወሰን የሚረዳቸው እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ ግንኙነት ነው፦ በ3 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው አየር፣ የግፊቱ ልዩነት ታስቦለት፣ ከባሕሩ ወለል አየር ይበልጥ በሞቀ ቁጥር ደመናው ይሰፋል። 3 ኪሎ ሜትር ማለት የእንጦጦ ጫፍ አካባቢ ነው፤ ከቤትህ ወጥተህ ታየዋለህ። ግንኙነቱ ለወር አማካይ ያምራል። ለአንዲት ከሰዓት ግን፣ ሁለቱ አብረው ባሉበት ሰዓት፣ ሞዴሉ ወደ ክምሩ ካደላ ጣሪያህን ቀድሞ ያፈርሰዋል።

የጭሱም እውነት ነው። በጭሱ ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች የደመናውን ውሃ በብዙና በደቃቅ ጠብታ ይከፋፍሉታል፤ ደመናው ይነጣል። እነዚያ ነጭ መስመሮች ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሳተላይት ፎቶ ታይተዋል፤ ከ2020 በኋላ ቀንሰዋል። ስለዚህ ሞዴሉ ውሃውን ብቻ ሳይሆን ጠብታው ስንት እንደሆነም ማወቅ አለበት።

ሳተላይት ሁሉን ያያል ለሚል አንድ ነገር ልንገር። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ክላውድሳት የደመና ራዳር ነበረው፤ ግን ከባሕሩ ወለል የሚመለሰው ምልክት ስለሚጋርደው የታችኛውን 1 ኪሎ ሜትር ያህል በደንብ አያይም ነበር። ደመናህ ደግሞ የሚኖረው እዚያው አካባቢ ነው። በግንቦት 2024 የተተኮሰው ኧርዝኬር ራዳርና የሌዘር መለኪያ በአንድ ላይ ይዞ ሄዷል፤ ብዙ እንጠብቅበታለን። ከሥር ወደ ላይ የሚያይ ዓይን ግን አሁንም መርከብ ላይ ያለ ሰው ነው።

ስለ ሱሉልታም ልመልስ። ከዚያው ከ9 ኪሎ ሜትር ፍርግርግ አንዱ ሳጥን የእንጦጦን ቁልቁለትና ሜዳችሁን አንድ ላይ አማክሎ ይይዛል። ሌሊት ከቁልቁለቱ ወርዶ ሜዳው ላይ የሚጠራቀመውን ቀዝቃዛ አየር አያየውም። ስለዚህ «ደመናማ» ወይም «ጥርት» የምትለዋን አንዲት ቃል አትመን። የአውሮፓው ማዕከል መነሻውን ትንሽ ትንሽ እየለወጠ 51 ትንበያ ያወጣል፤ ከነሱ ስንቱ ደመና እንዳሳየ የሚገልጽ መረጃ ካገኘህ እሱን እይ። ለሣር አጨዳው ይረዳሃል፤ የአንድ ሌሊት ስሕተት ሦስት ቀን ለሚደርቅ ሣር ያን ያህል አይጎዳም። ለድንቹ የአባባን ያዝ።


ባሕረኛው ከሱሉልታ፦

ገባኝ። ከልብ አመሰግናለሁ፣ ሁለታችሁንም።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ወደ መርከብ እመለሳለሁ። ለሁለተኛው መኮንን ጽፌለታለሁ፤ ለሚቲዎሮሎጂ የሚላከውን የደመና ሪፖርት በዚህ መስመር ላይ ሳናቋርጥ እንድንልክ ተስማምቷል። ምልከታው በየ6 ሰዓቱ ነው፤ ሌሊቱን እኔ እወስዳለሁ። ደብተሬ ላይ ሦስት ዓምድ ጨምሬአለሁ፦ የጣሪያው ዓይነት በቁጥር፣ ከሥሩ ክምር አለ ወይስ የለም፣ የባሕሩ ውሃ ሙቀት። የውሃው ሙቀት ከሞተር ማቀዝቀዣው መግቢያ ላይ ይነበባል፤ እስከዛሬ በየቀኑ እያየሁት አልፌዋለሁ።

አሁን ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው። ነፋሱ ቆሟል፣ በምሥራቅ ኮከቦቹ ወጥተዋል፣ ሣሩ እርጥብ ነው። ስልኬ ደመናማ ይላል። እናቴ የማዳበሪያ ጆንያዎቹን ከጎተራው እያወጣች ስለሆነ ልሂድ፣ ድንቹን አብረን እናልብስ።


የሰንዳፋ ዝናብ ለኪ፦

ጠርዙን በድንጋይ ያዙት። ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ አንሡለት።